የሰፈራችንን ወኪል ማን ያውቀዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ የከንቲባውን ስም የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ ውስጥ ጠይቁ፣ ፀጉር ቤት ጠይቁ፣ ጉሊት የሚቸረችሩትን እናቶች ጠይቁ። የአሁኗን ብቻ ሳይሆን የቀድሞዎቹንም ይጨምሩላችኋል። በአርከበ ጊዜ ምን ተሠራ፣ በኩማ ጊዜ የቱ መንገድ ተቆፈረ፣ በድሪባ ጊዜ፣ በታከለ ጊዜ፣ በአዳነች ጊዜ እያለ ቀን ሙሉ የሚከራከር ሰው ሞልቷል።

ወደ ታች ስንወርድ ወረዳው አለ። እሱንም እናውቀዋለን። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ መንገድ ላይ ብናገኛት ሰላም እንላታለን። ማህተሙ የትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ፣ ፈራሚው ሰኞ ጠዋት ስብሰባ እንደሚገባ፣ ከምሳ በኋላ መሄድ ለምን እንደማያዋጣ ጠንቅቀን እናውቃለን።

መሃል ላይ ያለው ግን ማነው? የከተማው ምክር ቤት ውስጥ ሰፈራችንን ወክሎ የተቀመጠው ሰው ስሙ ማን ይባላል?

ይህን ጥያቄ በቅርቡ በእድራችን ስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። ከተሰብሳቢው ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። ፍርድ ቤት የሚሠራ አለ። ዜና ሳያይ የማይተኛ አለ። ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። አንዲት እናት «ወረዳ ያለው ሊቀመንበር ማለትህ ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። «እንግዲያው እንዲህ ያለ ሰው መኖሩንም አልሰማሁ» አሉ። እኚህ እናት በ2013 ምርጫ ሌሊት ወጥተው ተሰልፈው፣ ካርዳቸውን ይዘው፣ እስኪደርሳቸው ቆመው የመረጡ ሰው ናቸው።

ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ ገብቶ ቀረ።

ሕጉ የሚለውን ላስቀድም፤ ብዙ አላስቀምጣችሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት ይናገራል። እዚያው ላይ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ከተማዋ ደግሞ ቻርተር አላት፤ አዋጅ ቁጥር 361/1995። በዚህ ቻርተር መሠረት ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ አይመርጥም። ሕዝቡ የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ 138 መቀመጫ አለው። በጀት የሚያጸድቀው፣ የከተማዋን አዋጅ የሚያወጣው፣ ካቢኔውን ጠርቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ይህ ምክር ቤት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያ ስሙን የማናውቀው ሰው በሕጉ ከሄድን ከከንቲባው በላይ ነው። ከንቲባው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከእሱ ድምፅ ነው፤ የእሱ ድምፅ ደግሞ ከእኛ ነው። ሰንሰለቱ ይሄ ነው። ከእኛ ጋር የሚያያዘው ቀለበት የት እንደወደቀ ግን አናውቅም።

ከታችም ሌላ ምክር ቤት አለ። ቻርተሩ ሲጻፍ ቀበሌ የልማትም፣ የአገልግሎትም፣ የነዋሪው ቀጥተኛ ተሳትፎም ማዕከል እንዲሆን ታስቦ ነበር። ቀበሌው የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት፣ የራሱ ሥራ አስፈጻሚ፣ ትንንሽ ክርክሮችን የሚያይ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሳይቀር ነበረው። ኋላ ቀበሌው ወረዳ ሆነ። ክፍለ ከተሞቹም ከ10 ወደ 11 ከፍ አሉ፤ ለሚ ኩራ መጨረሻ ላይ መጣ። መዋቅሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ቻርተሩን ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን «ይቺ ከተማ የት ነው ያለችው? ልግባባት» አሰኝቶኛል። የምኖርባት ከተማ ከእሷ ጋር ስሟ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።

ለምንድነው የራቅነው? «ሰው ግዴለሽ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። የአዲስ አበባ ሰው ግዴለሽ አይደለም። እድር የሚመራ፣ እቁብ የሚሰበስብ፣ ሰንበቴ የሚያዘጋጅ፣ የሞተበትን ጎረቤት ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው ግዴለሽ አይባልም። ችግሩ ከወዲያ ይጀምራል።

እናቴ ቀበሌ ሲመሠረት ወጣት ነበረች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ሆነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የእኛም ቤት የዚያን ጊዜ ነው የቀበሌ ቤት የሆነው። ያከራየን የነበረው ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ «ከእንግዲህ ለእኔ አትክፈሉ» ብሎ መሄዱን እናቴ እስካሁን ታወራለች። የዚያን ቀን ደስታዋን አትደብቅም። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ በሚቀጥለው ወር ልቀቁልኝ አላላትም።

ያው ቀበሌ ግን ሌላም መልክ ነበረው። አብዮት ጥበቃው ከቀበሌ ነበር የሚወጣው። በቀይ ሽብር ዘመን ማታ በር የሚንኳኳው በቀበሌ ሰዎች ነበር። የሰፈር ልጅ የሰፈር ልጅን የጠቆመው እዚያው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ስለ ቤቱ ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ ደግሞ ድስቷን ታማስላለች። ስኳርና ዘይት በራሽን የሚሰጠው እሱ፣ ማንበብና መጻፍ ያላወቁትን በመሠረተ ትምህርት ያስተማረው እሱ፣ ልጅ የወሰደውም እሱ። አንድ ጽሕፈት ቤት ሁሉንም ሲሆን ሰው ምን ይማራል? ጉዳይህን ጨርሰህ ቶሎ መውጣትን ይማራል። ብዙ አለመጠየቅን፣ ስም አለማስመዝገብን፣ ከዓይን መራቅን ይማራል።

እኔ ይሄ ትምህርት ወደ እኛም የተላለፈ ይመስለኛል። ዛሬ ወረዳ ስንገባ የምንሄደው ለመሸኛ ነው፣ ለመታወቂያ ነው፣ ላላገባ ማስረጃ ነው። ባለጉዳይ ነን። ባለቤት ነን ብሎ የሚገባ የለም። የወረዳው የዓመት በጀት ስንት ነው ብሎ መስኮት ላይ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ሠራተኛውም ተሰላፊውም እኩል ነው የሚደነግጠው።

በቅርቡ መሸኛ ለማውጣት ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ግቢው ውስጥ ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ከሥሩ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አለ። እኛ ደግሞ ከሥሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። ከፊቴ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ነበሩ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። የመጡት የኪራይ ውላቸውን ለማደስ ነው። ተራቸው ሲደርስ ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች፣ አጣች። ክላሰር አወጣች፣ አገላበጠች፣ አጣች።

«አባባ፣ ፋይልዎ የተከፈተው በአሮጌው የቤት ቁጥር ሳይሆን አይቀርም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ቁጥሩ ይቀያየር እንጂ ቤቱ እኮ አልተነቃነቀም። እኔም እዚያው ነኝ» አሏት።

ልጅቷ «ነገ ይመለሱ» ትላቸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። ተነስታ ወደ ኋላ ክፍል ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ይታየኛል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ነው። የተረፈው ፋይል መሬት ላይ ተከምሯል፤ ከፊሉ ጆንያ ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ወጣች። አቧራው ሲነሳ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። አንዱን ጆንያ አወረደች፣ ፈታች፣ አንድ በአንድ አየች። ሌሎቹ ተሰላፊዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እሷ ግን አልወጣችም። ቆይታ ቆይታ ብጫ የሆነ ፋይል ይዛ ብቅ አለች። ጠርዙ ተበልቷል። የሽማግሌው የወጣትነት ጉርድ ፎቶ ጥግ ላይ ተጣብቋል። ጠጉራቸው ጎፈሬ ነበር።

ሽማግሌው ፎቶውን አይተው ሳቁ። መረቋት። እሷም እጆቿን አራገፈችና «ሁለት ቀበሌ አንድ ላይ ሲጠቃለል ነው በጆንያ የመጣው፤ እስካሁን የሚደረደርበት አላገኘም» አለችን፤ ለማንም ሳይሆን ለሁላችንም።

እኔ የዚያች ልጅ ነገር ነው የሚቆጨኝ። ስለ ወረዳ ሲወራ የሚወራው ስለ ጉቦ፣ ስለ «ሲስተም የለም»፣ ስለ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። እሱ አለ፤ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ግን ወንበር ላይ ወጥታ አቧራ የምትውጥ ሠራተኛም አለች። ለእሷ መደርደሪያ የሚጠይቅላት ማነው? አለቃዋ ለክፍለ ከተማ ይጽፋል፣ ክፍለ ከተማው ለማዕከል ይጽፋል። የአዲስ አበባ የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። በፊት በነበረው ዓመት 140 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው ከራሷ ከከተማዋ ገቢ ነው፤ ማለት ከእኛ ከነጋዴዎቹ፣ ከደመወዝተኞቹ፣ ቤትና መሬት ካለን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአንድ መደርደሪያ የሚሆን የሚጠፋ አይመስለኝም። የጠፋው እጁን አውጥቶ «የዚያ ወረዳ ፋይል መሬት ላይ ነው ያለው» የሚል ሰው ነው። በጀቱ ሲጸድቅ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እጆች ይወጣሉ። የትኛው እጅ የእኛ ሰፈር እንደሆነ ግን አላውቅም።

ወኪል ኖሮን አያውቅም ማለቴ አይደለም። ምርጫው መጥቷል፣ ሄዷል። በ1997 ምርጫ ቅንጅት የሚባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን አሸንፎ ነበር። ያ ምክር ቤት ግን ሥራ አልጀመረም። ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ዴሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ቆየች። በ2000 እንደገና ተመረጠ፤ በ2005ም። በ2010 ሊደረግ የነበረው የከተማና የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በመጣው ምርጫ ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሰጠን። የወረዳ ምክር ቤት ግን የምርጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የማነሳው የማን ፓርቲ ይሻላል ለማለት አይደለም። እሱ ሌላ ክርክር ነው። የማነሳው ሌላ ነገር ነው። የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ በተመረጠበት በ2005 ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን አሁን ጺም አብቅሎ ወረዳ ሄዶ መታወቂያ ያወጣል። መታወቂያውን የሚሰጠውን ወረዳ እንዲመራ ማንንም መርጦ አያውቅም። ለበሩ በጣም የቀረበው መንግሥት ላይ ድምፅ የለውም።

አንድ ጊዜ ግን ሌላ ዓይነት አስተዳደር አይተናል። በሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነው።

የእኛ መንገድ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ነበር። ልጆች ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ዋናው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ይቀይሩ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው፤ መኪና አይገባም። አሠራሩ ነዋሪው የተወሰነ ያዋጣል፣ ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል የሚል ነበር። ነዋሪው ተሰብስቦ ኮሚቴ መረጠ። እጅ በማውጣት፣ ፊት ለፊት። ሰብሳቢ የሆኑት ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ገንዘብ ያዥ አንዲት ጠጅ ቤት ያላቸው እናት፣ ጸሐፊ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ደረሰኝ ታተመ። በየቤቱ ተዞረ። ያለው ጨመረ፤ የሌለው በጉልበቱ ይተባበር ተባለ። ማን ስንት እንዳዋጣና ስንት እንደወጣ በየወሩ በእድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፍ ነበር።

በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ድንጋዩን ይዘው መጡ። ጠዋት እንደጀመሩ ሹፌሩ ሰውዬ በርጩማቸውን አውጥተው መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሱም። አሸዋው ሲያንስ ያዩታል። ድንጋዩ ሲዛነፍ «ይሄን አንሳውና እንደገና ምታው» ይላሉ። ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ፣ ቆሎ ያመጣሉ። የውሃ መውረጃው ወደ ማን ግቢ እንደሚያዘነብል ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ሁለት ቤተሰብ ተኮራርፎ ሁሉ ነበር። ኮሚቴው ማታ ባትሪ ይዞ ወጥቶ፣ ውሃ በባልዲ አፍስሶ አካሄዱን አይቶ ወሰነ። መንገዱ አለቀ። ቤታችን ድረስ መኪና ገባ።

የእኔ አስተዳደር ትምህርት ያ ነው። ሰዎቹን እናውቃቸው ነበር። እነሱም በየቀኑ ፊታችንን ማየት ስላለባቸው ማታለል አይችሉም ነበር። ካጠፉ በሩን አንኳኩተን እንጠይቃለን።

የደረሰውን ግን ልጨርስ። ከጊዜ በኋላ አንድ ተቋም መስመር ሊቀብር መጥቶ መንገዱን መሃል ለመሃል ቆፈረው። ቀበረ። አፈሩን መለሰበትና ሄደ። ድንጋዩ አጥር ሥር ተከመረ። ኮሚቴው ወረዳ ሄደ። «እኛ አልቆፈርንም፤ ያስቆፈረው መሥሪያ ቤት ጋ ሂዱ» ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ጋ ተኬደ። «ፈቃዱን የሰጠን ክፍለ ከተማው ነው፤ መልሶ መጠገን በውሉ የኮንትራክተሩ ነው» አለ። ክፍለ ከተማው «ከወረዳችሁ ደብዳቤ ይምጣ» አለ። ወረዳው ደብዳቤውን ጻፈ፤ ቲተርና ማህተም ተደረገበት፤ ወጪ ሆነ። መንገዱ ግን እስካሁን እንደተቆፈረ ነው። ሹፌሩ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ ቢባሉ እሺ አይሉም።

አያችሁ፣ የሰፈር ኮሚቴ ሰፈር ውስጥ ያለውን ችግር ይፈታል። ሦስት መሥሪያ ቤት እርስ በርሱ ሲገፋፋ ግን አቅም የለውም። እዚያ ጋ ነው ወኪሉ የሚያስፈልገው። ክፍለ ከተማውንም፣ መሥሪያ ቤቱንም፣ ቢሮውንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ጠርቶ «ይህን መንገድ ማን ይመልሰዋል? መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው። ሕጉ ያንን ሰው ሰጥቶናል። የመጠየቅ ሥልጣኑንም ሰጥቶታል። ሰውየው እኛን አላየንም፣ እኛም እሱን አላየነውም።

ይሄ ጉዳይ ከእኛ መንገድ በላይ የከበደው የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ነው። በ2016 ፒያሳ ተነሳ። በ2017 ካዛንቺስ ተነሳ። እኔ መንገዱን አልጠላሁትም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ለዚህች ከተማ ከሚገባት በታች እንጂ በላይ አይደለም። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ሳይ ደስ ይለኛል። የካዛንቺስ ሰው ግን አሁን ገላን ጉራ ነው። ሌላውም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። አርባ፣ ሃምሳ ዓመት አብረው የቀበሩ፣ አብረው ያለቀሱ ሰዎች እድራቸው ፈርሷል። አዲስ ቤት ያገኘው አግኝቷል፤ ውሃው ከድሮው የተሻለለትም አለ። ጥገኛ ሆኖ ይኖር የነበረው፣ በደባልነት የነበረው፣ ቤቱ በሌላ ሰው ስም የነበረው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው የሚያስፈልገው ሰው ነው። «መቼ ነው የምንነሳው? ሁላችንም አንድ ቦታ መሄድ እንችላለን? ትምህርት ቤቱስ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መልሱንም ይዞለት የሚመለስ ሰው። ማስታወቂያ ያልሆነ ሰው። የምክር ቤት አባል ሥራው ይሄ ይመስለኛል። አንድ አካባቢ ሊነሳ ሲል ከሁሉም በፊት እዚያ ቆሞ መታየት ያለበት የዚያ አካባቢ ወኪል ነው። ውሳኔውን ባይቀይረው እንኳ እድሩ እንዳይበተን ማድረግ ይችል ነበር። አንድ ብሎክ ላይ አንድ ላይ አስፍሩን የሚል ጥያቄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳወራ «በዚህ ዘመን ወረዳ ማን ይሄዳል? ሁሉም በስልክ እየሆነ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል፤ ብዙ ነገር ዲጂታል እየሆነ ነው። መሸኛ በስልክ ቢያልቅ የመጀመሪያው ተደሳች እኔ ነኝ፤ ያቺም ልጅ ከጆንያው ትገላገላለች። ግን አገልግሎትና ውክልና ሁለት ናቸው። ስልኩ መታወቂያዬን ሊያወጣልኝ ይችላል። የተቆፈረው መንገድ ለምን እንዳልተመለሰ ግን ስልኩ አይከራከርልኝም። እንዲያውም ሁሉም በስልክ ሲያልቅ ሰው ከሰው የሚገናኝበት አግዳሚም ይጠፋል። እኔ የሽማግሌውን «ቤቱ እኮ አልተነቃነቀም» የሰማሁት እዚያ ተሰልፌ ስለነበር ነው።

የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። የወረዳው ግድግዳ ላይ ከዜጎች ቻርተሩ ጎን የከተማው ምክር ቤት ወኪላችን ስም፣ ፎቶና ስልክ ይለጠፍ። በወር አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል፣ ወረዳው አዳራሽ መጥቶ ይቀመጥ። የወረዳው የዓመት በጀት በትልቁ ታትሞ በር ላይ ይሰቀል፤ የኮብልስቶን ኮሚቴያችን በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ማስመሪያ ያደረገው ነገር ነው። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ይደረግ። የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ሪፖርት ለማዳመጥ ብቻ አይሁን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሪፖርት ተነቦ ለጥያቄ አሥር ደቂቃ የሚቀርበት ስብሰባ ሰውን ያርቃል። ሰው የሚመጣው የጠየቀው ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ሲጻፍና በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ መልሱ ሲነገረው ነው። እድራችን እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ነው አዳራሹ የሚሞላው።

የእድሩ ስብሰባ በዝምታ አላለቀም። ያቺ «እንዲህ ያለ ሰው መኖሩንም አልሰማሁ» ያሉት እናት ናቸው «ታዲያ ለምን አንጽፍለትም?» ያሉት። ስሙን ሳናውቅ እንዴት ይጻፋል ተባለ። «ለምክር ቤቱ ጻፉና የሰፈራችንን ሰው አገናኙን በሉ፤ እነሱ አያጡትም» አሉ። ጸሐፊው ወዲያው ወረቀት አወጣ። የእድሩ ማህተም ከሳጥን ወጣ። ሹፌሩ ሰውዬ እስከዚያ ድረስ ጥግ ይዘው ዝም ብለው ነበር፤ «ስለ መንገዱ የምትጽፉትን እኔ ላስጽፋችሁ፤ ቀኑን ሁሉ በደብተሬ ይዤዋለሁ» አሉ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ገቢ ተደርጓል፤ በኮፒው ላይ ተፈርሞልናል። አራት ጥያቄ አለው። በአካባቢያችን የተመረጠው የምክር ቤት አባል ማን ይባላል፣ መቼስ መጥቶ ሊያነጋግረን ይችላል? ተቆፍሮ የተተወውን የውስጥ መንገድ የመመለስ ኃላፊነት የማን ነው? የወረዳው መዝገብ ቤት መደርደሪያ በዘንድሮው በጀት ይገዛለታል ወይ? የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ መቼ ይደረጋል?